የጊታር አምፕሊፋየርን የሚያስመስል ሶፍትዌርና የጥንቱ የቲዩብ አምፕሊፋየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊታር ተጫዋቾችና ድምፅ ቀራጮች በዚህ ርዕስ ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል።

አምፕሊፋየር አስመሳይ ሶፍትዌር የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል። ይህ ሞገድ በራሱ ሲደመጥ ቀጭንና ደረቅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ብለን የለመድነው አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በዚያ ሞገድ ላይ የሚያደርሱትን ለውጥ ነው። ሶፍትዌሩ በኦዲዮ ኢንተርፌስ (ጊታሩን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው ሣጥን) በኩል ወደ ቁጥር ተለውጦ የገባለትን ሞገድ ተቀብሎ፣ ፕሪአምፑ (ደካማውን ሞገድ መጀመሪያ የሚያጎላው ክፍል)፣ የቃና መቆጣጠሪያው፣ ፓወር አምፑ (ስፒከሩን የሚነዳው ክፍል)፣ ትራንስፎርመሩ፣ ስፒከሩና ከፊቱ የቆመው ማይክራፎን ያደርሱበት የነበረውን ለውጥ በስሌት ያደርስበታል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ በ1996 አክሲስ 212 የተባለውን አስመሳይ አምፕሊፋየር፣ በ1998 ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን ቀይ ፖድ ለገበያ አቀረበ። አምፕሊቲዩብ በ2002 ሥራውን በኮምፒውተር ውስጥ፣ በመቅረጫ ፕሮግራም ላይ ተጨምሮ ወደሚሠራ ፕለጊን አመጣው፤ በ2006 አክስ ኤፍኤክስ፣ በ2011 ደግሞ የአንድን አምፕሊፋየር ድምፅ ለክቶ የሚቀዳው ኬምፐር ተከተሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከመጡት ብዙዎቹ በነርቭ መረብ (ከምሳሌ በሚማር የኮምፒውተር ስሌት) የሚሠሩ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ከታች እንመለሳለን።

"ቪንቴጅ" የሚባሉት አምፕሊፋየሮች የትኞቹ ናቸው?

ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም። ብዙ ሰው ቃሉን የሚጠቀምበት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በቫኩዩም ቲዩብ (አየር በወጣለት መስታወት ውስጥ ሞገዱን በሚያጎላ ክፍል) ለተሠሩት ነው። ሶፍትዌሮች ደጋግመው የሚያስመስሏቸው ግን ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ነው፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራውን ባለ አራት ስፒከር ፌንደር ባስማን፣ ከ1963 ጀምሮ የወጣውን ባለ 22 ዋት ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ፣ አራት ኢኤል84 ቲዩቦች ያሉትን ቮክስ ኤሲ30 እና የማርሻልን የ1960ዎቹ አምፕሊፋየሮች።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚመስሉንን ያህል እርስ በርሳቸው ባዕድ አይደሉም። ባስማን ስሙ እንደሚናገረው ለቤዝ ጊታር ታስቦ የተሠራ ቢሆንም ጊታር ተጫዋቾች ወሰዱት፤ ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹም ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ጄቲኤም45 ሲሠሩ የተነሡት ከባስማን ሰርኪውት ነበር። በነገራችን ላይ ማርሻል "1959" የሚለው ቁጥር የሞዴል መጠሪያ እንጂ ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ ያ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር የወጣው በ1965 ነው። ሶፍትዌር ውስጥ ይህን ቁጥር አይቶ የ1950ዎቹን ድምፅ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ድምፃቸው አንድ ነው ወይስ ይለያያል?

መልሱ አንዱን ከምን ጋር እንዳነጻጸርነው ይወሰናል፤ በዚህ ርዕስ ላይ ከሚነሣው ክርክር አብዛኛው የሚመነጨውም ይህን ካለመለየት ይመስለኛል። ሶፍትዌሩ የሚያስመስለው ክፍል ውስጥ ከፊታችን ቆሞ ሱሪያችንን የሚያንቀሳቅሰውን አምፕሊፋየር አይደለም። የሚያስመስለው በማይክራፎን ተቀርጾ፣ በመቅረጫ ክፍል ሞኒተር (ማድመጫ ስፒከር) የሚደመጠውን አምፕሊፋየር ነው። እነዚህ ሁለቱ አንዱ ከሌላው የሚለያዩት ገና ሶፍትዌር ሳይገባበት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከአምፕሊፋየሩ ሁለት ሜትር ርቆ ሲጫወት የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቀረጻ ሲሰማ "ይሄ የእኔ አምፕ አይደለም" የሚለው ለዚህ ነው።

ማይክራፎን ከስፒከሩ ጨርቅ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ተተክሎ አንድ ነጥብ ብቻ ይሰማል። ጆሮ ግን ከስፒከሩ ፊት፣ ከካቢኔቱ ክፍት ጀርባ፣ ከወለሉና ከግድግዳው ተንጸባርቆ የሚመጣውን በአንድነት ይሰማል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ተቀርጾ ከተሰማ አምፕሊፋየር ጋር ያነጻጸረ ሰው በዛሬው የሶፍትዌር ደረጃ ልዩነቱን ለማግኘት ይቸገራል፤ ክፍል ውስጥ ካለው ጋር ያነጻጸረ ሰው ግን ልዩነቱን ወዲያው ያገኛል፣ ምንም ሶፍትዌር ቢጠቀም። ሁለቱም የሰሙትን በትክክል ሰምተዋል፤ የሰሙት ነገር ግን የተለያየ ነው።

ቤቴ በጆሮ ማዳመጫ ስጫወት ድምፁ ለምን ቀጭንና ሕይወት የሌለው ይሆንብኛል?

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ጊታሩ የተሰካበት ቀዳዳ ነው። የተለመደ የጊታር አምፕሊፋየር መግቢያ 1 ሜጋኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) ያህል ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ አለው፤ የኦዲዮ ኢንተርፌሱ ተራ የላይን መግቢያ ግን በአብዛኛው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኦም ብቻ ስለሆነ ፒክአፑን ይጫነውና የላይኛውን ቃና ይበላዋል። በኢንተርፌሱ ላይ "ኢንስትሩመንት" ወይም "ሃይ ዚ" የሚል ማብሪያ ካለ እርሱን ማብራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመግቢያው ልክ ነው። እውነተኛ አምፕሊፋየር ከጊታሩ የሚመጣውን ቮልቴጅ እንዳለ ይቀበላል፤ ሶፍትዌሩ ግን የሚያየው ቁጥር ነው፣ ያ ቁጥር ስንት ቮልት እንደሆነ የሚወስነውም ኢንተርፌሱና የጌይን (የመግቢያ ማጉያ) መቆጣጠሪያው ናቸው። ጌይኑ ዝቅ ካለ በኃይል የተነዳ ማርሻል ሊሆን የሚገባው ነገር ንጹሕና ደካማ ይሆናል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ንጹሕ ሊሆን የሚገባው ፌንደር ይሻክራል። አንዳንድ የሶፍትዌር አምራቾች ለየትኛው የመግቢያ ልክ እንዳስተካከሉት በመመሪያቸው ይገልጻሉ፤ ያንን ገጽ ፈልጎ ማንበብ ሌላ ፕለጊን ከመግዛት ይሻላል።

ሦስተኛው የጆሮአችን ጠባይ ነው። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ የታችኛውንና የላይኛውን ቃና አሳንሶ ይሰማል። ጮክ ብሎ ሲጫወት ወፍራም የነበረው ድምፅ ሲቀንስ የሚቀጥነው ለዚህ ነው፤ ከዚህ ላይ የክፍሉ ማስተጋባት በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ጨርሶ የለም። ጥቂት የክፍል ሪቨርብ መጨመር ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ይረዳል።

ካቢኔትና "አይአር" የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

አይአር ማለት አንድ ስፒከር፣ ካቢኔቱና ከፊቱ የተተከለው ማይክራፎን ለአንድ ቅጽበታዊ ምት የሚሰጡት ምላሽ ተቀርጾ የተቀመጠበት አጭር ፋይል ነው። ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲለካ (በ48 ኪሎኸርዝ) 2048 ሳምፕል፣ ማለትም ልኬት፣ ያለው አይአር 43 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይረዝማል፤ ያችን ቅንጣት ሶፍትዌሩ ከጊታሩ ድምፅ ጋር በሒሳብ ሲያዋህዳት ጊታሩ በዚያ ስፒከር በኩል ያለፈ ይመስላል።

በእኔ ግምት ሶፍትዌር ለሚጠቀም ሰው ከሁሉ የላቀ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ክፍል ነው። የአምፕሊፋየሩን ሞዴል ሳይነኩ አይአሩን ብቻ ቢቀይሩ ድምፁ ከሥሩ ይለወጣል፤ አይአሩን ሳይነኩ አምፕሊፋየሩን ቢቀይሩ ግን ለውጡ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ሆኖም አይአር አንድ ጉድለት አለው፦ ስፒከሩን እንደማይደክምና እንደማይለወጥ አድርጎ ያየዋል። እውነተኛ ስፒከር በኃይል ሲነዳ ወረቀቱ ይጨነቃል፣ ሽቦው ይሞቃል፣ ድምፁም ይሻክራል። በተለይ እንደ ሰለስቺን ግሪንባክ ያለ 25 ዋት ብቻ የሚሸከም ስፒከር ከትልቅ አምፕሊፋየር ጋር ሲጣመር ይህ ጭንቀት የድምፁ አካል ነው፤ አይአር ብቻውን ይህን አይዝም።

የቲዩብ ድምፅ "ሞቅ ያለ ነው" ሲባል ምን ማለት ነው?

ቲዩብ ከዐቅሙ በላይ ሲነዳ የሞገዱን ጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ ቀስ በቀስ እያጎበጠ ያለዝበዋል። አንድ ትራዮድ (በፕሪአምፑ ውስጥ ያለው ቀላል ቲዩብ) ለብቻው ሲሠራ የሞገዱን አንዱን ወገን ከሌላው ይበልጥ ስለሚያጎብጥ ከመነሻው ቃና ጋር የሚስማሙ ተጋማሽ ቁጥር ሃርሞኒኮች (የመነሻው ድምፅ 2 እጥፍ፣ 4 እጥፍ የሆኑ ድምፆች) ይወልዳል፤ በጥንድ እየተቃረኑ የሚሠሩት የፓወር ቲዩቦች ደግሞ በራሳቸው የሚፈጠሩትን እነዚህን አጥፍተው ጎዶሎዎቹን ያጎላሉ። የምንሰማው የሁለቱ ድምር ነው።

ይሁን እንጂ "ሞቅታ" ብለን የምናደንቀው ነገር አብዛኛው የስፒከሩ ሥራ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ፈጥኖ ይጥላል። ይህን ለማረጋገጥ በማንኛውም ሶፍትዌር ውስጥ የካቢኔቱን ክፍል ማጥፋት ይበቃል፦ ምርጡ የቲዩብ ሞዴል ጣሳ ውስጥ እንደተዘጋባት ንብ ይነዝራል። እውነተኛ የቲዩብ አምፕሊፋየርም ስፒከሩ ተነሥቶ በቀጥታ ቢቀረጽ ከዚህ የተለየ አይሆንም።

የድምፅ መዘግየቱ አጨዋወቴን ያበላሻል?

ያን ያህል አያሰጋም። በ48 ኪሎኸርዝ በፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚሠራው የድምፅ ቁራጭ) 128 ሳምፕል ሲሆን በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ መግቢያና መውጫው፣ መለወጫዎቹና ድራይቨሩ ሲደመሩ በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከአምፕሊፋየሩ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ተጫዋች ይህንኑ መዘግየት ሳያውቀው ተላምዶታል። በፈሩ ወደ 512 ከፍ ሲል ግን እጅና ጆሮ መለያየታቸው ይሰማል፤ ሲጫወቱ ዝቅ አድርጎ፣ ሲቀላቅሉ ከፍ ማድረግ የተለመደው መፍትሔ ነው።

ድምፁ ቢመሳሰልም ስጫወት "ስሜቱ" የተለየ ነው፤ ይህ በሐሳቤ የፈጠርኩት ነው?

አይደለም። ስሜት የሚባለው ነገር ተጫዋቹ በሰጠውና መሣሪያው በመለሰለት መካከል ያለው ግንኙነት ስለሆነ፣ የተቀረጸውን ብቻ የሚያደምጥ ሰው የማይሰማውን ተጫዋቹ በጣቱ ሊያውቀው ይችላል። ለምሳሌ ጂዜድ34ን በመሰለ ቲዩብ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጡ አምፕሊፋየሮች ክሩ በኃይል ሲመታ ብዙ ከረንት ይስባሉ፤ ያን ጊዜ የውስጥ ቮልቴጁ ይወርድና የምቱ ጫፍ ይለሰልሳል፤ ቮልቴጁ ሲመለስ ደግሞ ድምፁ ከምቱ በኋላ እንደሚያብብ ሆኖ ይወጣል። በዳዮድ የሚለውጡት፣ እንደ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ያሉት፣ ጠንከርና ፈጠን ያሉ ናቸው። በደንብ የተሠራ ሶፍትዌር ይህን በጊዜ ውስጥ የሚካሄድ ለውጥ ያሰላል፤ ደካማው ግን እያንዳንዱን ቅጽበት ከቀደመው ለይቶ እንደሚያይ ሰው ይሆናል፣ አንድን ኖታ ምንም ያህል ቢያስመስል የሙዚቃውን ሐረግ ይስታል።

ይህን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጌይኑን ሞዴሉ መሻከር እስኪጀምር ከፍ አድርጎ፣ የጊታሩን የራሱን ቮልዩም ከ10 ወደ 4 ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ቀጥሎም በዝግታና በኃይል እየተፈራረቁ መምታት ነው። ጥሩ የጥንት አምፕሊፋየር ያለ አንዳች ፔዳል ከጩኸት ወደ ንጹሕ ድምፅ ይመለሳል፤ ሶፍትዌሩም ይህን መንገድ በየእርከኑ ሳይዘል መሄድ አለበት። እኔ ማንኛውንም አዲስ ፕለጊን ሳገኝ ከዚህ ቀድሜ ሌላ ነገር አልሞክርም።

ሌላው የስሜት ምንጭ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን አካልና ክሮች ማንቀጥቀጡ ነው። ኖታው ተይዞ ሲቆይ እየጎላ፣ ወደ ላይኛው ሃርሞኒክ እየተለወጠ የሚዘፍነው በዚህ ዑደት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ለሚጫወት ሰው ዑደቱ ስለተቆረጠ የትኛውም ስሌት አይመልሰውም፤ ያው ሶፍትዌር በትልቅ ሞኒተር ጮክ ብሎ ሲጫወት ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሶፍትዌሩ ትልቅ አምፕሊፋየርን በዝቅተኛ ድምፅ ሊሰጠኝ ይችላል?

አዎን፤ በዚህ ረገድ ጥንታዊው መሣሪያ ሊወዳደረው አይችልም። ማስተር ቮልዩም (መሻከሩን ሳይነካ ድምፁን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ) የሌለው ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር መሻከር የሚጀምረው መስኮት በሚያርገፈግፍበት ልክ ነው። ወደ 50 ዋት መውረድም ብዙም አያድንም፤ ኃይሉ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ የሚወርደው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ለጆሮ ግማሽ ያህል ሆኖ እንዲሰማ ግን ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛው መውረድ አለበት። በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባ፣ ኃይሉን የሚቀንስ አቴንዌተር አለ፤ እርሱም በብዛት ሲቀንስ ስፒከሩ እንደቀድሞው ስለማይነዳ ቃናውን ያፈዝዘዋል።

መሐንዲሶቹ አስመስለው የሚሠሩት እንዴት ነው? ሁሉም ሶፍትዌር አንድ ዓይነት ነው?

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሰርኪውቱን ፈትቶ መሥራት ነው፦ እያንዳንዱ ሬዚስተር፣ ካፓሲተርና ቲዩብ በቀመር ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩም በሰከንድ ውስጥ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሳምፕሎች አንድ በአንድ የቀመሮቹን መልስ ይፈልጋል። ይህ አካሄድ መቆጣጠሪያዎቹ ሁሉ እንደ እውነተኛው እርስ በርስ እንዲነካኩ ያደርጋል። በአሮጌው የፌንደር የቃና ሰርኪውት ውስጥ ትሬብሉን ማዞር የባሱንም ጠባይ ይለውጣል፤ ሰርኪውቱን የሚፈታ ሶፍትዌር ይህን ሳይነገረው ያገኘዋል። ችግሩ ቀመሩ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ መሆኑ ነው፤ የትራንስፎርመሩ ብረት ሲጠግብ የሚሆነውን ወይም በሽቦዎች መካከል ያለውን ያልታሰበ ግንኙነት ሳይጻፍለት አያውቅም።

ሁለተኛው ሰርኪውቱን ሳይመለከቱ መግቢያና መውጫውን ብቻ ማጥናት ነው። ጥቂት ደቂቃ የሚረዝም የተዘጋጀ ድምፅ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ይለፍና የወጣው ይቀረጻል፤ የነርቭ መረቡ የገባውን አይቶ የወጣውን እስኪገምት ድረስ ይሠለጥናል። ነፃ የሆነው ኒውራል አምፕ ሞዴለርና በ2022 የወጣው ቶንኤክስ በዚህ መንገድ የሚሄዱ ናቸው። ውጤታቸው በመመሳሰል ረገድ እጅግ የሚያስደንቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚይዙት በብዛት አንድ ፎቶግራፍ ነው። መቆጣጠሪያዎቹ በተቀረጸበት ዕለት የቆሙበት ቦታ ላይ ይቀራሉ፤ በኋላ በፕለጊኑ ላይ የሚዞረው ትሬብል ከውጭ የተጨመረ ኢኩዋላይዘር እንጂ የአምፕሊፋየሩ ትሬብል አይደለም። አንድ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ይህ አይጎዳም፤ መቆጣጠሪያ እያዞረ ድምፁን ለሚፈልግ ሰው ግን የመጀመሪያው መንገድ ይመቸዋል።

አንድ ዓይነት አምፕሊፋየር አስመስለናል የሚሉ ሁለት ሶፍትዌሮች ለምን የተለያየ ድምፅ ይሰጣሉ?

ምክንያቱም "የ1959ኙ ባስማን" የሚባል አንድ ድምፅ በዓለም ላይ የለም። በዚያ ዘመን የነበሩት የካርቦን ሬዚስተሮች ከተጻፈባቸው ልክ 10 በመቶ ወደዚህም ወደዚያም ቢሉ እንደ ደንበኛ ይቆጠሩ ነበር፤ የመቆጣጠሪያዎቹ ልዩነት ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ሁለት ወንድማማች አምፕሊፋየሮች ከፋብሪካው በወጡበት ዕለትም አንድ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ያሉት ስድሳ ዓመታት የሬዚስተሮቹን ልክ ከፍ አድርገዋል፣ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹን አድርቀዋል፣ የስፒከሩን ወረቀት አላልተዋል፤ በየመካከሉም እያንዳንዱ ጠጋኝ ያገኘውን ቲዩብ ሰክቷል።

የግድግዳው ኤሌክትሪክም ድርሻ አለው። ለ110 ወይም ለ117 ቮልት የተሠራ የአሜሪካ አምፕሊፋየር ዛሬ 120 ቮልትና ከዚያ በላይ ሲያገኝ በውስጡ ያሉት ቮልቴጆች ሁሉ አብረው ከፍ ይላሉ፤ ቲዩቦቹም ቀድሞ ባልሠሩበት ነጥብ ላይ ይሠራሉ። እንግዲህ አንዱ አምራች የደከመውን፣ ሌላው የታደሰውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ንድፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቢያስመስል ሦስቱም "ባስማን" ናቸው። የትኛው ይበልጥ እውነተኛ ነው የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ የትኛው ይበልጥ ይስማማኛል የሚለው ግን አለው። የጥንት አምፕሊፋየር ሊገዛ የተነሣ ሰውም ይህን ቢያስብ መልካም ነው፦ የሚገዛው የስሙን ዝና ሳይሆን ከፊቱ ያለውን አንዱን ሣጥን ነው።

አሊያሲንግ የሚባለው ችግር ምንድን ነው? ይሰማል?

ዲጂታል ድምፅ የሳምፕሉን ልክ ግማሽ ያህል ብቻ መያዝ ይችላል፤ በ48 ኪሎኸርዝ ጣሪያው 24 ነው። ዲስቶርሽን (የድምፁ መሻከር) ደግሞ አዳዲስ ሃርሞኒኮችን ይወልዳል፣ ጣሪያውንም አይጠይቅም። በ5 ኪሎኸርዝ ያለ የክር ድምፅ ሰባተኛ ሃርሞኒኩ 35 ኪሎኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ቦታ ስለሌለው ከጣሪያው ተንጸባርቆ 13 ኪሎኸርዝ ላይ ብቅ ይላል። 13 ከ5 ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ በቲዩብ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አይፈጠርም። በላይኛው ፍሬቶች ላይ ክር እየሳቡ ብዙ ጌይን ሲጫወቱ ኖታው ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ወደ ታች የሚወርድ ደብዛዛ ፉጨት ከተሰማ ያ ነው።

መድኃኒቱ ኦቨርሳምፕሊንግ ነው፦ ሶፍትዌሩ ስሌቱን በአራት ወይም በስምንት እጥፍ ሳምፕል ሠርቶ፣ ትርፉን አጣርቶ ይመልሳል። ኮምፒውተሩን ያደክማል፤ ስለዚህ ብዙ ፕለጊኖች ማብሪያውን ለተጠቃሚው ይተዉለታል። ለመጨረሻው ቀረጻ ማብራት ተገቢ ነው። ስፒከሩ የላይኛውን ስለሚጥለው የችግሩ ከፊል ይሸፈናል፤ ወደ ታች ተንጸባርቆ መካከለኛው ቃና ውስጥ የገባውን ግን አይሸፍነውም።

ሁለቱን ሳላዳላ ማነጻጸር የምችለው እንዴት ነው?

መጀመሪያ አጨዋወቱን አንድ ማድረግ ነው። ሁለት ጊዜ የተጫወቱት ነገር ሁለት ነው፤ ስለዚህ ጊታሩ ያለ ምንም አምፕሊፋየር በቀጥታ ይቀረጻል፣ ያው ቅጂ አንድ ጊዜ በሶፍትዌሩ፣ አንድ ጊዜ በሪአምፕ ሣጥን (የተቀረጸውን ድምፅ ለአምፕሊፋየር መግቢያ የሚያመቻች መሣሪያ) አልፎ በእውነተኛው አምፕሊፋየር ይላካል። ሁለተኛ ስፒከሩን አንድ ማድረግ ነው፤ የአምፕሊፋየሩ መውጫ በሎድ ቦክስ (በስፒከር ፋንታ ኃይሉን በሚቀበል ሣጥን) ተይዞ ሁለቱም በአንድ አይአር ቢያልፉ የሚነጻጸረው አምፕሊፋየሩ ብቻ ይሆናል። ሎድ ቦክሱ የስፒከርን ጠባይ የሚከተል እንጂ ተራ ሬዚስተር ባይሆን ይመረጣል፤ ስፒከር በየድምፁ ከፍታ የተለያየ ኢምፒዳንስ ስላለው የፓወር አምፑ ምላሽም በዚያ ይለወጣል።

ሦስተኛውና ሰዎች የሚረሱት የድምፁን ልክ ማመጣጠን ነው። አንዱ በ1 ዴሲቤል ብቻ ቢበልጥ ጆሮ "ጮኸ" አይልም፤ "የተሻለ ነው" ይላል። በመጨረሻ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያዩ፣ ሌላ ሰው እየቀያየረው ማድመጥ ነው። የጥንት አምፕሊፋየር ባለቤት የሆነ ሰው በዚህ ፈተና ላይ ሲቀመጥ የሚሰማውን ድንጋጤ ራሴም አይቼዋለሁ፤ አሥር ጊዜ ገምቼ አምስቱን ስቻለሁ፣ ይህም ሳንቲም ከመወርወር የማይሻል ውጤት ነው። ከድብልቅ ሙዚቃው ውስጥ ከበሮና ቤዝ ሲጨመሩ ደግሞ የቀረውም ልዩነት ይሰወራል።

አሮጌ አምፕሊፋየር ለማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው? ሶፍትዌርስ ምንም ጥገና አይፈልግም?

አሮጌው አምፕሊፋየር ጥገና ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ ጥንቃቄም ይፈልጋል። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት፣ ብዙ ጊዜም ከ400 በላይ፣ ይሠራል፤ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹም ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ ገዳይ ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ያልሠለጠነ ሰው ሽፋኑን መክፈት የለበትም። የመሬት ሽቦ የሌለው ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ያለው ከሆነ በሦስት እግር መለወጥ አለበት፤ "ኦሪጅናልነቱ ይጠፋል" የሚለው ስስት ሕይወት አያክልም። ስፒከር ወይም ሎድ ሳይሰካ ማብራትም የመውጫ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

የሶፍትዌሩ እርጅና ሌላ መልክ አለው። የኮምፒውተሩ ሥርዓት ሲታደስ አሮጌው ፕለጊን አልከፈት ይላል፣ ፈቃዱን የሚያረጋግጠው ሰርቨር ይዘጋል፣ አምራቹም ለሁለተኛው እትም ሲል የመጀመሪያውን ይተወዋል። በ1960ዎቹ የተሠራ አምፕሊፋየር ግን ንድፉ የታወቀ፣ ክፍሎቹ በብየዳ ብረት የሚነሡና የሚተኩ ስለሆነ የሚያውቅ እጅ ካገኘ ዛሬም ይሠራል። ከሶፍትዌር ጋር የሠራ ሰው የጨረሰውን ድምፅ ወደ ተራ የኦዲዮ ፋይል ለውጦ፣ ያልተቀነባበረውን የጊታር ቅጂም አብሮ ቢያስቀምጥ ከዚህ ችግር ይድናል።

ሶፍትዌሩን በራሱ በአሮጌው አምፕሊፋየር በኩል ባጫውተውስ?

ይቻላል፤ ግን በተለመደው መንገድ ሲሞከር ያሳዝናል። ሙሉው ሞዴል በአምፕሊፋየሩ የፊት መግቢያ ሲገባ ድምፁ በሁለት ፕሪአምፕና በሁለት ስፒከር ያልፋል፤ አንዱ የተሰላ፣ አንዱ እውነተኛ። ውጤቱ ጭቃ የመሰለ ነው። መጀመሪያ መጥፋት ያለበት የካቢኔቱ ክፍል ነው፤ ስፒከሩ አጠገብ አለና። ከዚያም ሞዴሉን በኢፌክት መመለሻ (ፕሪአምፑን በሚዘል የጀርባ መግቢያ) በኩል በቀጥታ ወደ ፓወር አምፑ ማስገባት ይመረጣል፤ ነገር ግን የጥንቶቹ አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው ይህ መመለሻ የላቸውም። ጠጋኝ ጠርቶ ስድሳ ዓመት የኖረን መሣሪያ ለመመለሻ ቀዳዳ ከመብሳት ሌላ አማራጭ መፈለግ ይሻላል።

እኔ የምመርጠው የተገላቢጦሹን ነው። አሮጌውን አምፕሊፋየር በንጹሑ አቁሞ፣ ከሶፍትዌሩ የአምፕሊፋየሩን ክፍል አጥፍቶ፣ ዲሌይውንና ሞጁሌሽኑን (ድምፁን የሚያስተጋቡና የሚያወዛውዙ ኢፌክቶችን) ብቻ መላክ። የኢንተርፌሱ መውጫ ከጊታር እጅግ ስለሚጮህ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ መጀመር ይኖርበታል፤ በሪአምፕ ሣጥን ካለፈ ደግሞ ልኩም ኢምፒዳንሱም ይስተካከላል፣ በኮምፒውተሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚፈጠረው የመሬት ዑደት እምምታም ይቆማል።